ለሐኪም የደበቅኩት አገር

ዛሬ ትኩሳት ይዞኝ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሯ «አባባ፣ ሰሞኑን ከከተማ ወጣ ብለው ነበር?» ስትለኝ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ዞር ብዬ ማን እንደሚሰማኝ አየሁ።

ይኸው ከሃምሳ ዓመት በኋላም አልለቀቀኝም።

በጃንሆይ ጊዜ እኔና ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ መርካቶ ሰሊጥ እንነግድ ነበር። ሁመራ በረሃ ድረስ ወርደን በርካሽ እንገዛለን፤ ከየት እንደምናመጣው ግን ለእናታችንም አልነገርናትም። (መርካቶ የሠራ ያውቀዋል። አንዴ ከአፍህ ካመለጠ በሳምንቱ የተራው ነጋዴ ሁሉ እዚያው ነው።)

አንድ ጊዜ እንደተመለስን ሁለታችንንም አንቀጠቀጠን። ሆስፒታል አስተኙን።

ሐኪሙ «ቆላ ወርዳችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ የተኛው ደግሞ ተፎካካሪያችን፣ እዚያው ተራ ሰሊጥ የሚሸጥ ሰውዬ ነበር።

«ኧረ የለም! ደሴ ዘመድ ጥየቃ ነው» አልኩ።

እንድሪስ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኖ እጄን ጨበጥ አድርጎ «ጎሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልወጣውም።

የታይፎይድ መድኃኒት ሲሰጡን ሰነበቱ። እውነቱን ባወጣሁ ዕለት የወባ መድኃኒት መጣ። ለእኔ ደረሰልኝ።

ያ ተፎካካሪያችን ድኖ ለእንድሪስ ለቅሶ መጣ። «እናንተም እዚያ ተኝታችሁ ኖሯል? እኔ እኮ ራሴን ስቼ ነበር፤ ማንንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም» አለኝ።

ዛሬ ለዶክተሯ ያደርኩበትን ቤት ሳይቀር ዘረዘርኩላት። «ይበቃኛል አባባ» ብላ ሳቀች።

እናንተም ለሐኪም ዋሽታችሁ የቀበራችሁት ሰው ካለ ጻፉልኝ። ብቻዬን አታድርጉኝ።