ቢጫው ወረቀት ላይ የጻፍኩት

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። አገር ቤት የሚላከውን ደብዳቤ እንኳ የምትጽፈው እህቴ ናት፤ እኔ ከታች "ሰላም በሉልኝ" የምትለውን ብቻ ጨምሬ እመልስላታለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንገዳገድ አንባቢ ይታገሠኝ። የምጽፈው ስለ አንድ የክላስ ሥራና ስለ አንድ ትልቅ ሰው ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሰው ምግብ የሚበላበት አዳራሽ ጠረጴዛ እወለውል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ለአዋቂዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ክላስ እማራለሁ። ከሃያ ያህል ተማሪ አማርኛ የምንናገር ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና አንድ ጋሼ።

ጋሼ ያኔ ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። አገር ቤት ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ዓመት የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበሩ፤ እዚህ የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥባሉ። ወደ ሙያቸው ለመመለስ ኮሌጅ መግባት አለባቸው፤ ኮሌጁ ደግሞ ይህን ክላስ ሳያልፉ አይቀበላቸውም። አንድ ጊዜ ወድቀዋል። ሁለተኛ ከወደቁ ትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ዕድል አይሰጥም። ይህን ከማንም አይደብቁም ነበር። "ይቺ የመጨረሻዬ ናት" ይላሉ፣ ደብተራቸውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ።

እኔ ከእሳቸው ጋር ብዙ አላወራም፤ ሲገቡ ብድግ እላለሁ እንጂ። የመጀመሪያ ቀን ብድግ ስል አስተማሪያችን ሽንት ቤት ልሄድ መስሏት በሩን አሳየችኝ።

የካቲት ውስጥ አስተማሪያችን አራት ገጽ ልብ ወለድ ፎቶኮፒ አድርጋ አመጣች። ታሪኩ የአንድ ገበሬና የሴት ልጁ ነው። አባት ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ልጅቱ በየእሑዱ ትጠይቀዋለች። ስንዴውን በረዶ መትቶ አንድ ዘለላ ሳያስቀር አጥፍቶታል። እሷ ግን አባቷ "ስንዴው እንዴት ነው?" ባለ ቁጥር መጀመሪያ "ወገብ ድረስ ደርሷል"፣ በኋላም "አጨዳ ጀምረናል" ትለዋለች። አባትየው እውነቱ ሳይነገረው ይሞታል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ልጅቱ መዋሸቷ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? አቋም ያዙ፣ ከታሪኩ ማስረጃ አምጡ፣ ተከራከሩ ተባልን።

እኔ "መልስ አትስጪ" እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም እንደምንም ሁለት ገጽ ሞላሁ። "አንዳንድ ሰዎች ልጅቱ ልክ ናት ይላሉ። ሌሎች ልክ አይደለችም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የራሳቸው እውነት አላቸው።" ማንንም አላስቀየምኩም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ረቂቃችንን ሁለት ሁለት ሆነን ተለዋወጥን። አስተማሪያችን ቋንቋችሁ አንድ ስለሆነ ይቀልላችኋል ብላ ከጋሼ ጋር አጣመረችኝ። ለእያንዳንዳችን ሦስት ጥያቄ ያለበት ቢጫ ወረቀት አደለችን፦ የጸሐፊው አቋም ምንድን ነው? ማስረጃው የት አለ? ያልገባችሁ ምንድን ነው? ሞልተን ስንጨርስ አንባቢው አምስት ደቂቃ ይናገራል፤ ጸሐፊው ግን ትንፍሽ ማለት አይችልም፤ መስማት ብቻ ነው። ሕጉ ይኸው ነበር።

የጋሼን ጽሑፍ አነበብኩ። የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል፤ እንግሊዝኛቸው ከእኔ በብዙ ይበልጣል። ግን ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መልሰው ተርከውታል፤ ከራሱ ከታሪኩም ይረዝማል። አንድ ሙሉ ገጽ ለአባትየው ምን ዓይነት የደም ምርመራ መታዘዝ እንደነበረበት ይዘረዝራል። አቋማቸውን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። መጨረሻ ላይ "ልጅቱ ጥሩ ልጅ ናት" የምትል አንድ መስመር አለች፤ ለምን ጥሩ እንደሆነች ግን የለም። ይህ ወረቀት እንዳለ ከገባ እንደሚወድቁ ለእኔ እንኳ ግልጽ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ጋሼ በሕጉ መሠረት አፋቸውን ዘግተው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። አባቴን የሚያህል ሰው ጥፋቱን እንድነግረው ፊቴ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

"ጥሩ ነው ጋሼ" አልኩ።

የቀረውን ጊዜ ሁለታችንም ዝም ብለን ጨረስነው። ቢጫው ወረቀት ላይም "በጣም ጥሩ"፣ "ጥሩ"፣ "ሁሉም ገብቶኛል" ብዬ ጽፌ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ፊታቸው ሲፈካ አየሁ። መንፈሳዊ ሥራ የሠራሁ ያህል ቀለለኝ።

የእሳቸው ተራ ሲሆን ቢጫውን ወረቀት ግራና ቀኙን ሞልተውታል፤ ሌላ ወረቀትም ቀጥለውበታል።

"አንቺ ልጅ" አሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "እዚህ ውስጥ አባትየው አለ። ልጅቱም አለች። እነዚህ 'አንዳንድ ሰዎች' የምትያቸውም በየመስመሩ ተሰልፈዋል። እነማን ናቸው?"

ሕጉ ዝም በዪ ነው የሚለው።

"ዘመዶችሽ ናቸው?"

ሳቄ አመለጠኝ።

"አንቺ የት አለሽ? ከዳር እስከ ዳር ፈልጌ አጣሁሽ።" ይህንኑ ወረቀቴ ጠርዝ ላይ በአማርኛ ጽፈውታል፦ አንቺ የት አለሽ?

ሳምንቱን ሙሉ ያቺ ጥያቄ አብራኝ ሥራ ገባች፣ አብራኝ ባስ ጠበቀች። ሐሙስ ዕለት በዕረፍት ሰዓቴ፣ በብሬኬ፣ ታሪኩን እንደገና ሳነብ ከዚያ በፊት ዘልያት ያለፍኩ አንዲት መስመር አገኘሁ። በመጨረሻው እሑድ አባትየው የልጁን እጅ ይይዝና ንጹሕ መዳፏን ገልብጦ ያያል፤ ከዚያ መልሶ አንሶላው ላይ ያስቀምጠዋል። ስለ ስንዴው ሁለተኛ አይጠይቅም። የእኔ እጅ በበረኪና ተሰነጣጥቆ ስለነበር ይሆናል ዓይኔ እጅ ላይ ያረፈው። አጨዳ ላይ የከረመ እጅ እንዲያ ንጹሕ አይሆንም። አባትየው ገበሬ ነው፤ አውቋል። ማወቁን ግን ለማን ይናገር? ልጁ አስቀድማ በሩን ዘግታበታለች።

ሁለቱን ገጽ ትቼ ከአዲስ ጀመርኩ። "እኔ" የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ሰርዤ በአራተኛው ተውኩት። "እኔ ልጅቱ ተሳስታለች እላለሁ። አባቷን ያከበረች መስሏት ከሌለ ስንዴ ጋር ብቻውን ተወችው።" ይህን ጽፌ ቀና ስል ቢጫው ወረቀት ትዝ አለኝ። በጣም ጥሩ። ጥሩ። ሁሉም ገብቶኛል። ብዕሩን አስቀመጥኩት።

የመጨረሻው ጽሑፍ የሚገባው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋሼ ደግሞ ዓርብ ዓርብ የሥራ ሺፍታቸው ከመድረሱ በፊት እኛ አዳራሽ መጥተው ሻይ ይጠጣሉ። የዚያን ዓርብ ቺኑክ የሚሉት የክረምት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው በአንድ ቀን ቀልጦ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ከፍቶ ይሄዳል። ጋሼ ላስቲክ ሽፋን ያለው ፋይል ብብታቸው ሥር ይዘው መጡ።

"ጨረስኩ!" አሉ። "ልጄ በኮምፒዩተር ተየበልኝ። ስምንት ገጽ!"

መወልወያ ጨርቄን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

"ጋሼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ዋሽቼዎታለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"ጥሩ ነው ብዬ።"

ሻያቸውን አስቀመጡ። "ጥሩ አይደለም?"

"አቋም የለውም። ታሪኩን ነው መልሰው የነገሩን። የደም ምርመራውን ደግሞ… ማንም አልጠየቀዎትም።"

"ሳምንት ሙሉ ዝም ብለሽ! ነገ ጠዋት እኮ ነው የሚገባው!"

"እርስዎን እንዴት ብዬ ልናገር…"

"እንዴት ብለሽ? እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ለትልቅ ሰው ሁሉ 'አክብሬዎት ነው፣ ወባ የለብዎትም' እያልኩ ብሰጥ ኖሮ ስንቱን ቀብሬ ነበር!"

አጠገባችን ጥብስ ድንች የሚበሉ ሰዎች ዞረው አዩን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ጋሼም አዩዋቸውና ድምፃቸውን ቀነሱ። ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ አዞሩት።

"ደግሞም አውቄያለሁ" አሉ። "እኔ ላንቺ ያን ሁሉ ጻፍኩ፤ አንቺ ለእኔ ሦስት መስመር። ያሳደጓት ሰዎች ጨዋ ናቸው፣ ደብቃኛለች ብያለሁ። ግን ጥሩ ነው ሲሉት ማን ይጠላል? ደስ አለኝና ዝም አልኩ።"

ከዚያ ወንበር ሳቡልኝ። "ቁጭ በዪ። ያን ቀን ያልተጠቀምሽበት አምስት ደቂቃ አለሽ። እኔ አልናገርም።"

ብሬኬ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ተቀመጥኩና ገጽ በገጽ ነገርኳቸው። እውነትም አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ አንዴ ብቻ፣ የደም ምርመራውን ገጽ በሙሉ ያውጡት ስላቸው፣ ውጋት እንደያዘው ሰው ጎናቸውን ያዙ።

"ልጅቱ ጥሩ ናት ያሉት ግን ለምንድን ነው?" አልኳቸው መጨረሻ ላይ።

"አሁን ልናገር?"

"ይናገሩ።"

"ወባ መድኃኒት አለው፤ ስለዚህ ይነገራል። በረዶ የመታው ስንዴ ምን መድኃኒት አለው? ለሚሞት ሰው ቢነግሩት ምን ሊያደርገው ነው?"

"እሱን ይጻፉት።"

"የቱን?"

"አሁን ያሉትን።"

"ይቺን ብቻ?"

"ይቺ ናት አቋምዎ። እኔ ግን አልስማማም። አባትየው አውቋል፤ እጇን ገልብጦ አይቶ።"

"እጇን የያዘው እኮ ናፍቃው ነው!"

"አይ፣ ጋሼ።"

ለትልቅ ሰው አይ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ዛሬ ምን በልተሽ ነው?" አሉ፤ እየሳቁ ነበር። ከዚያ ስምንቱን ገጽ ከላስቲኩ አወጡና አንዱን ገልብጠው በጀርባው መጻፍ ጀመሩ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ጠረጴዛቸውን ልወለውል ስመጣ ሄደዋል፤ ሻዩ እንዳለ ቀዝቅዟል።

ቅዳሜ ጠዋት በእጅ የተጻፈ ሦስት ገጽ አስገቡ። አስተማሪያችን ከጽሑፋችን ጋር ሌላ አንድ ገጽ ጠይቃን ነበር፦ ከረቂቁ ምን ለወጣችሁ? ለምን? እኔ እዚያ ላይ ቢጫውን ወረቀት በውሸት እንደሞላሁት ጻፍኩ። ማርክ ትቀንስብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ሲመለስልኝ ምንም አላለችም፤ ራይት ብቻ አድርጋበታለች።

ውጤቱ የተመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እኔ አልፌያለሁ። ጋሼ ወረቀታቸውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ብርሃኑ ላይ ከፍ አድርገው አዩት። ቆዩ። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ፤ የዚያን ቀን የቆምኩት ለአክብሮት አልነበረም። ሲዞሩ ወረቀቱን አራት አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ኪሱን መታ መታ አደረጉት። አለፍኩ አላሉኝም። ከቦርሳቸው ፖስታ አውጥተው ዴስኬ ላይ አስቀመጡ። ለኮሌጁ የጻፉት የማመልከቻ ደብዳቤ ነው።

"ሰኞ ነው የማስገባው" አሉኝ። "አንብቢልኝ። ጥሩ ነው ብለሽ ብትመልሺው ግን አልቀበልሽም።"