ከሥዕሉ ኋላ የነበረችው ወረቀት

በምኖርበት የካናዳ ከተማ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለኛ ለመጤዎቹ እንግሊዝኛ ይሰጣል። አረጋውያን ሳጥብና ሳበላ ውዬ ከሥራ በቀጥታ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት መምህርታችን ከጥንት የግሪክ ተረት የወጡ ስሞች ሰሌዳው ላይ ደረደረችና «አንዱን ምረጡ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሥሩበት» አለችን። ሦስተኛው ስም ዲሚተር ነበር። እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ።

ይህን ስም መጀመሪያ ያየሁት ካርቱም ነው፤ በኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ስድስት ግድም። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። እኔና ወይንሸት የጭልጋ ልጆች ነን፤ በመተማ በኩል ነው የገባነው። እሷ ከኔ በሦስት ዓመት ታንሳለች፤ ከቤት የወጣችውም ለእናቷ ሳትነግር ነው። ሁለታችንም አልጣኢፍ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር፣ በተለያየ ሰው ቤት እንሠራ ነበር። ስድስቱን ቀን እዚያው እያደርን ጁምዓ፣ የዓርብ ዕረፍታችን ሲደርስ፣ ጀሪፍ ሰፈር በጋራ ወደተከራየናት ክፍል እንመጣለን። ሁለት ፍራሽ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል። ንብረታችን ይኸው ነበር። ያቺን ክፍል ግን የሰው ቤት እብነ በረድ ስንወለውል ሳምንቱን ሙሉ እናልማት ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሱዳናዊ ኡስታዝ ጁምዓ ጠዋት እንግሊዝኛ ያስተምራል። ወይንሸት ትማራለች፤ እኔ ኪዳን አስደርሼ ፉል እጥዳለሁ። አንድ ቀን እየሮጠች መጣች። አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት ባለቤት ረዳት ትፈልጋለች፤ ኡስታዙም ከተማሪዎቹ በጽሑፍ የበለጠችውን ሊልክላት ነው። የወይንሸት መዳም ስትወጣ በሩን ከውጭ ቆልፋባት የምትሄድ ሴት ነበረች። ስለዚህ ነገሩ ለወይንሸት የሥራ ለውጥ ብቻ አልነበረም፤ ከተቆለፈ ቤት መውጫ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ መዳሟ ስትተኛ እየጻፈች፣ እየሰረዘች፣ በመጨረሻ አንዲት ንጹሕ ወረቀት ላይ ገለበጠችው።

የምታስረክብበት ጁምዓ ፍልሰታ ውስጥ ዋለ። ሌሊቱን አቧራ ሲነፍስ አድሮ ክፍላችን ቀይ ዱቄት የተነሰነሰባት መስላ ነበር፤ ጥርሳችን ውስጥ ሳይቀር ይንቀጫቀጫል። ወይንሸት ግቢው ቧንቧ ጋ ፀጉሯን ትታጠባለች። እኔ ለከሰዓት የሚደርሰውን ፉል ከሰሉ ላይ ጥጄ፣ ሥዕሉን ላራግፍ ከግድግዳው አወረድሁት። ከኋላው የተሰካች ወረቀት ወደቀች። እንግሊዝኛውን አላነብም። ጠርዙ ላይ በአማርኛ የተጻፈው ግን ገባኝ፦ «ዲሚተር፤ የግሪኮች የእህል አምላክ»።

ጣዖት። በእመቤታችን ጾም፣ ከእመቤታችን ሥዕል ኋላ። ድስቱን ከፍ አድርጌ ወረቀቱን ፍሙ ላይ ጣልሁት። አፍታም አልፈጀ። ለእምነቴ ብቻ ብዬ ነው ብል ግን እዋሻለሁ። ሥራውን ካገኘች እዚያው መዋዕለ ሕፃናቱ ልታድር ነበር፤ ያቺን ክፍል ለብቻዬ ልትተውልኝ። ይህንንም አስቤ ነበር፤ ቀድሜ ይሁን ዘግይቼ፣ እግዚአብሔር ያውቃል።

ወይንሸት ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ገባች።

«እታለም፣ ወረቀቴን አየሽው?»

«የቱን?»

«ከሥዕሉ ኋላ ሰክቼው ነበር። ከዚያ የጸዳ ቦታ አጣሁ፣ አቧራ እንዳይነካብኝ ብዬ።»

ፍራሹን ገለበጠች። እኔም አብሬያት ገለበጥሁ። ከማቃጠሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ አብሬያት ፈለግሁ።

«ንፋሱ ወስዶት ይሆን?» አለች።

«ይሆናል» አልሁ።

«ሥዕል ሊሳለም ገብቶ ነዋ፣ ደግ ንፋስ» ብላ ሣቀች። ሣቋ አልዘለቀም። የፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ያስታወሰችውን በአማርኛ ትልልኝ ጀመር። «ኡስታዙ ያነበበልን ተረት ነው። ዲሚተር ማለት እናት ናት፣ እታለም። ልጇን የከርሰ ምድር ንጉሥ ጠልፎ ቢወስድባት ሰብሉን ሁሉ አስቀረችው። እኔ ምን ብዬ ጻፍሁ መሰለሽ? ‹እናቴ ዲሚተር ናት፤ መንገደኛ ባየች ቁጥር ትጠይቃለች። እኔ ግን ከምድር በታች አይደለሁም፤ አልጣኢፍ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ›።» የቀረው ጠፋባት። ከውጭ ሊወስዳት የመጣው የባለ ሦስት እግሩ ረክሻ ሾፌር «ያላ፣ ያ ሐበሺያ!» እያለ ሊያጣድፋት ጡሩምባውን ያስጮኻል። ከደብተሯ ግማሽ ገጽ ቀድዳ፣ ጉልበቷ ላይ እየጻፈች ሄደች።

ስትመለስ ድስቱ ገና ይንተከተክ ነበር። «ኻላስ፣ አለቀ» አለች፣ ነጠላዋን እያወረደች። «ሌላዋ ተማሪ ሙሉ ገጽ አመጣች፤ ሥራው የሷ ሆነ።» ፉሉን በሰሊጥ ዘይት ለወስሁላት። ሰዓቱ ሲደርስ በላች፤ እኔ ድርሻዬን ወደ ድስቱ መለስሁት።

በሳምንቱ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙ።

«ወለተ ማርያም፣ ወረቀቱን አንብበሽዋል?»

«አላነበብሁም፣ አባ። አልችልም።»

«ያላነበብሽውን ፈረድሽበት።» አሉኝ። «አጽዋማችንን በባሕረ ሐሳብ የቀመረልን አባታችን ድሜጥሮስ ስሙ ከየት የመጣ ይመስልሻል? ከዚያችው ከምትያት ነው። ስም አላረከሰውም። ስግደት አላዝሽም። ሂጂና ለልጅቱ ንገሪያት።»

ስግደት ቢያዙኝ መቶም፣ ሁለት መቶም በሰገድሁ ነበር። መንገር ግን አቃተኝ። የመጀመሪያው ጁምዓ ራሷን አሟት ነበር፤ ይለፍ አልሁ። በሁለተኛው ደስ ብሏት መጣች፤ ደስታዋን ለምን ላደፍርሰው አልሁ። እንዲህ እያልሁ መስቀል አለፈ። ጥቅምት ላይ አንድ ጁምዓ ስመጣ ፍራሿ ተጠቅልሎ ቆሟል። የቤቱ አከራይ ወደ ሰሜን ከሚሻገሩ ስደተኞች ጋር በሊቢያ በኩል መሄዷን ነገረችኝ። በሥዕሉ ኋላ የተወችልኝ ወረቀት ይኖር እንደሆነ ብዬ አየሁ። አቧራ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ድምጿን የሰማ የለም። እናቷ ስልኬን ከቤተሰቦቼ ተቀብለው በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ይደውሉልኛል። «ልጄ፣ የወይንሸት ወሬ አለ?» ይሉኛል። «የለም፣ እማማ» እላለሁ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን ቁጥራቸውን ሳይ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥሁት።

ክፍል ውስጥ ሁሉም ጽፎ ሲጨርስ እስክሪብቶዬን አነሣሁና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍሁ፦ «ዲሚተር በየዓመቱ በጾም ትደውልልኛለች»። መምህርቷ በትከሻዬ በኩል አነበበችው።

«ሰዋስዉ ትክክል ነው» አለች ፈገግ ብላ። «ለመሆኑ ዲሚተር ስልክ አላት?»

ተማሪዎቹ ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። አላት፤ የማላነሣው እኔ ነኝ።

አባ ንገሪያት ያሉኝ ልጅ የለችም። እናቷ ግን አሉ፤ ወረቀቷ ላይ ስለ እሳቸው ምን ብላ ጽፋ እንደነበረ ከኔ በቀር የሚነግራቸው የለም። እሱን ልነግር ደግሞ ወረቀቱ የት እንደገባ መናገር አለብኝ። ዛሬ ጠዋት የቀን መቁጠሪያውን አየሁ። ፍልሰታ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።