የይታይሽ ፍንጭት

ልጅ እያለሁ ትልቁ ምኞቴ ፍንጭት ነበር። የዛሬ ልጆች ይኼን ስነግራቸው ይስቁብኛል። ሮብ ገበያ አካባቢ ላደግን የእኔ ዘመን ሴቶች ግን የፊት ጥርሷ መሃል ክፍተት ያላት ልጅ ሌላ ጌጥ አያስፈልጋትም ነበር። አንገቷን ባትነቀስ፣ ጥልፍ ቀሚስ ባትለብስ፣ አንዴ ፈገግ ካለች በቃ። የእኔ ጥርሶች ደግሞ ግጥም ያሉ ናቸው፤ ያውም አንዱ በሌላው ላይ ደርቦ ወጥቶ።

ፍንጭቱ የታላቅ እህቴ የይታይሽ ነበር። እትዬ ነው የምላት። ስትናገር አንዳንዱ ቃል በፍንጭቷ መሃል ሾልኮ ቀጭን ፉጨት ይተዋል። ምንጭ ወርደን ጀሪካኑ እስኪሞላ አፏን ውሃ ትሞላና በፍንጭቷ አሹልካ ፊቴ ላይ ትረጨኛለች። ከጮቄ ተራራ የሚወርድ ውሃ በጠዋት እንዴት እንደሚያቃጥል ያየ ያውቀዋል። እኔ እጮሃለሁ፣ እሷ ትስቃለች፣ ሳቋን የሰማ መንገደኛም ቆም ብሎ ያያታል። አሮጊቶቹ «ከዓይን ይጠብቅልን» እያሉ ያልፉ ነበር።

ሰፈራችን ቀርከሃ የሞላበት ነው። አጥሩ ቀርከሃ፣ ቅርጫቱ ቀርከሃ። አባቴ ሰንጥቆ ሲያበቃ ደጃፉ ላይ የሚቀረው ስንጥር እርጥብ ሣር ሣር ይሸታል። ከጓደኞቼ አንዷ፣ ከየት እንደሰማችው እንጃ፣ ስንጥር በጥርስ መሃል ሸጉጦ ማደር ፍንጭት ያወጣል አለችን። አመንን። መጀመሪያ ቀጭን ሸጎጥኩ፣ ቀጥሎ ወፈር ያለ። ቆሎ መቆርጠም አቃተኝ፤ ምራቄ ሁሉ ቀርከሃ ቀርከሃ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ድዴ አበጠ፣ ከንፈሬ ተገለበጠ። እማዬ አፌን ስታይ «ሲያጌጡ ይመላለጡ አሉ!» ብላ ተቆጣች፤ ዞር ስትል ግን ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስንጥሩን ያወጣችልኝ እትዬ ናት። ደጅ ብርሃን ላይ ተቀምጣ፣ ራሴን ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ በጥፍሯ ቀስ እያለች ሳበችው። ከዚያ ለብ ባለ የጨው ውሃ አጉመጠመጠችኝ። እንባዬ አልቆም ሲል «የሚካፈል ቢሆን ግማሹን እሰጥሽ ነበር» አለችኝ። ልጅ ነኝና እውነት መሰለኝ። ግማሽ ፍንጭት እኔ ላይ እንዴት እንደሚያምር ሳስብ ሕመሜን ረሳሁት።

እትዬ ተዳረች፣ ወለደች፣ ልጇ ገና ዳዴ ሳትል እትዬ ራሷ ታማ ሞተች። ከዚህ በላይ ልናገረው አልችልም። በለቅሶው ቀን አልቃሿ ስለ ሙያዋም ስለ ደግነቷም ገጠመች፤ መጨረሻ ላይ ፍንጭቷን ስታነሳ፣ እስከዚያ ድረስ ደርቃ የቆመችው እማዬ መሬት ላይ ወደቀች። ለመታወቂያ ከተነሳችው አንድ ጉርድ ፎቶ በቀር ምስል አልነበራትም። እዚያም ላይ አፏን ገጥማለች።

ልጇን ህሊናን እማዬና እኔ አሳደግናት። የወተት ጥርሶቿ ሲነቃነቁ እየነቀልን እንደ ወጉ ጣሪያ ላይ ወረወርን። አዲሶቹ ሲበቅሉ የፊቶቹ ሁለቱ ተራርቀው ወጡ። እማዬ የልጅቷን አገጭ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻትና እልል አለች፤ እልልታው ግን መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ህሊናን በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ይታይሽ፣ ነይ ምሳ ብዪ።» «ይታይሽ፣ ተሸፋፈኚ፣ ብርድ ነው።» ጎረቤቱም ልጅቷ በሳቀች ቁጥር ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። እኛ ይኼን ፍቅር ብለን ነበር የያዝነው። እሷ አፏን በመዳፏ ጋርዳ መሳቅ ለመደች፤ ዓይን አፋርነት መስሎን «ጨዋ ልጅ» እያልን አመሰገንናት።

ዘንድሮ ደብረ ማርቆስ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ከያዘች በኋላ፣ እዚያው ከተማ እኔ ቤት ተቀምጠን ሳለ «አክስቴ፣ ፍንጭቴን ላስደፍነው ነው» አለችኝ።

«ምን ነካሽ? ስንቱ የሚመኘውን!» አልኳት።

«እኔ'ኮ ስስቅ ሰው ያለቅሳል፣ አክስቴ። አንድ ቀን እንኳ ስስቅ አብሮኝ የሚስቅ ሰው ባይ ምን አለበት?»

የእህቴን ሳቅ በእሷ አፍ ስጠብቅ የኖርኩት እኔም ነኝ።

ክሊኒኩ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣትና ትሁት ነው፤ መስታወት አስይዟት በእርጋታ አስረዳት። ሽቦ ታስሮ ጥርሶቹን ቀስ በቀስ ማቀራረብ ይቻላል፣ ግን ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል። ስስ ሽፋንም አለ፣ ለእሱ ደግሞ የጥርሱ ፊት ትንሽ ይሞረዳል። ወይም የጥርሷን ቀለም በሚመስል ሙሌት ክፍተቱን ዛሬውኑ መሙላት። «ጤናሽን የሚነካ ነገር ስለሌለው ብትተዪውም ይቻላል» ሲላት ልቤ ተንጠለጠለ። ወደ እኔም ዞሮ ድርብ ጥርሴን አየና «እናቴ፣ እርስዎም ከፈለጉ ይስተካከላል» አለኝ። «ተወው ልጄ፣ ቀርከሃም አልቻለው» አልኩት። ግራ ገብቶት ፈገግ አለ።

ህሊና ሙሌቱን መረጠች። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ስትወጣ ፈገግ አለችልኝ፤ ያምራል፣ መዋሸት አልችልም። እኔ ግን ሳላስበው እህቴን ፈለግኋት፣ አጣኋት። «አምሮብሻል» አልኳትና ባጃጅ የምጠራ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

በሳምንቱ መጨረሻ እማዬን ልንጠይቅ ሮብ ገበያ ወጣን። እማዬ አርጅታለች፣ ነገርም ይምታታባታል። ደጃፉ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘናት። ህሊና ጉልበቷን ስማ ቀና ስትል፣ መዳፏን አፏ ላይ ሳታደርግ ሳቀችላት። እማዬም እንደ ያኔው አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻት። ትኩር ብላ አየቻት። አላለቀሰችም።

«ህሊናዬ፣ መጣሽልኝ?» አለቻት።

ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ይኼን ነበር። እቅፏ ውስጥ ገብታ ከት ብላ ሳቀች፣ እማዬም አብራት ሳቀች። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው ደስ አለኝ።

ከዚያ እማዬ በህሊና ትከሻ ላይ አሻግራ የመጣንበትን መንገድ ስታይ ቆየች። ዓይኗን ወደ እኔ መለሰችና «ይታይሽስ? አብራችሁ አልመጣችም?» አለችኝ።

እዚያው ደጃፍ ላይ ነው፣ እህቴ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ስንጥሩን ያወጣችልኝ። ያን ጊዜ ፍንጭት የምመኘው ለቁንጅና ነበር። ዛሬ ግን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ልጅነቴ አማረኝ። የሚካፈል ሆኖ ግማሹን ሰጥታኝ ቢሆን፣ ለእናቴ ፈገግ እልላት ነበር።

«መንገድ ላይ ናት፣ እማዬ» አልኳት፣ ከንፈሬን ገጥሜ።