ሳትጠይቅ አትውጋ

ከቅሬው፣ ከመንደራችን እድር ስብሰባ፣ በቀባሪዎቼ መካከል ተቀምጬ ሳለሁ ነው ፖሊሶች ያነሱኝ። ያስገቡኝ ክፍል መስኮት የለውም፤ ሽንትና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ "ጥፋትህ ምንድን ነው?" አለኝ። "ማንበብ" አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

እህቴ ከቤሩት በተመለሰች በዓመቷ ትኩሳት ያዛትና ገጠር ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ባለሙያውን፣ "ፔኒሲሊን እንዳይሆን፤ እዚያ ሳለሁ አሳብጦ ትንፋሽ አሳጥቶኛል" አለችው። "አረብ አገር የከረመ ሁሉ ሐኪም ነው!" ብሎ ወጋት። ከአልጋው ሳትወርድ ሞተች። ለቀስተኛው "የአላህ ውሳኔ ነው" አለኝ። የአላህስ እሺ፣ የሰውየውስ?

አስተማሪ ነኝና እንግሊዝኛው አልከበደኝም። መካነ ሰላም ከተማ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ መስመሩ እየተቆረጠብኝ ስለ ፔኒሲሊን ፈለግኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ የመድኃኒት ነጋዴና የተሳዳቢ ወሬ ነበር። ማን እንደጻፈው የማይታወቀውን ሁሉ ተውኩት፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። በመጨረሻ የሐኪሞች ማስተማሪያ አገኘሁ፤ ከመድኃኒቱ መግለጫ ጋር አስተያየሁት። ሁለቱም ከመውጋትህ በፊት በሽተኛውን ጠይቅ ይላሉ። እሱን ነው ፕሪንት አስደርጌ ለቅሬው ያነበብኩት።

መርማሪው ወረቀቱን ፊቴ ላይ አራገበው።

"ማን ላከልህ?"

"ራሴ ፈልጌ ነው።"

"እንዲህ ያለ ወረቀት በራሱ እግር አይመጣም። ከውጭ ያሉ ፀረ ሰላሞች ላኩልኝ ብለህ ፈርም።"

ብፈርም የእህቴ ነገር እዚያው ተዳፍኖ ይቀራል። አልፈረምኩም። በጥፊ አጮለኝ።

አብረውን የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ትኩሳት ጸናባቸውና አንድ ጠዋት ባለሙያ ተጠራ። በሩ ሲከፈት የገባው እህቴን የወጋው ሰው ነበር። አንገቱን ማነቅ አማረኝ። መርፌውን ሲያዘጋጅ ግን ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

"አባባ፣ ፔኒሲሊን አሳብጦዎት ያውቅ እንደሆነ እሱ ይጠይቅዎት። ካልጠየቀ ክንድዎን አይስጡ።"

ጠባቂው "ዝም በል!" ብሎ በቆመጥ ትከሻዬን አለኝ። ሽማግሌው ክንዳቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

"ወላሂ፣ ሳይጠይቀኝ አልሰጥም።"

"ይጠይቃቸው" አለ ካቦው። ሌሎቹም ተቀበሉት።

ባለሙያው መሬት መሬት እያየ፣ "አባባ፣ ይህ መርፌ አሳብጦዎት ያውቃል?" አለ።

"የለም ልጄ፣ ደህና ነው።"

ወጋቸው፤ ዳኑ። ጠባቂው "ታዲያ ምን አተረፍክ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ከተፈታሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ። ሰውየውን የከሰሰው የለም፤ ገበያ ስንገናኝ ሰላምታ አልሰጠውም። በቀደም ጎረቤቴን ላሳክም ሄጄ ድምፁን ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁት። "እናቴ፣ ይህ መርፌ አሳብጦዎት ያውቃል?" አለ። መልሳቸውንም እስኪጨርሱ ጠበቀ። ደስ አላለኝም። እህቴ እኮ ሳትጠየቅ ነበር የነገረችው።