ዐይን እና አይን

ቆቦ የተመደብኩት በእንስሳት ሕክምና ነው። ኮድ መጻፍ የለመድኩት ደግሞ በትርፍ ጊዜዬ፣ ከኢንተርኔት ቪዲዮ እያየሁ ነበር። ከብት አርቢዎቹ ለትንሹም ለትልቁም ሲደውሉልኝ ጊዜ አንድ መተግበሪያ ሠራሁላቸው። የሕመሙን ምልክት ሲጽፉ፣ እኔ እስክደርስ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይነግራቸዋል። ኔትወርክ ሲጠፋም እንዲሠራ መረጃውን ሁሉ ስልኩ ውስጥ ከተትኩት። አባቴ ጎጃም ውስጥ አማርኛ ሲያስተምር የኖረ፣ በፊደል ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው፤ እኔም እያንዳንዱን ቃል ከመዝገበ ቃላት እያመሳከርኩ ነበር የጻፍኩት። ኮርቼበታለሁ።

በሳምንቱ ከዋጃ ወጣ ብለው የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልኝ። መተግበሪያውን ከጫንኩላቸው ሁሉ አብልጠው የወደዱት እሳቸው ነበሩ። ማንበብና መጻፍ የተማሩት ልጆቻቸውን ከዳሩ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው።

«ዶክተር፣ ላሜ አይኗ ያነባል። ስልኩን ብጠይቀው የለም አለኝ።»

«የለም ሊልዎት አይችልም፣ እማማ። እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

«እንግዲያው ናና ራስህ ጠይቀው።»

ሞተሬን አስነስቼ ሄድኩ። ግቢያቸው ማሽላ ሲወቃበት ውሎ ገለባው በነፋስ ይበናል። ላሟ ግራ ዐይኗን ጨፍና ቆማለች። እሳቸው ግን ከላሟ በፊት ስልኩን አወጡና በአንድ ጣታቸው፣ ቀስ ብለው «አይን» ብለው ጻፉ። «አልተገኘም» አለ። ተቀብያቸው «ዐይን» ብዬ ጻፍኩ። ዝርዝሩ ወዲያው መጣ።

«ምን አጠፋሁ ታዲያ?»

«ትክክለኛው በዐይኑ ዐ ነው፣ እማማ።»

«አስተማሪያችን አንዱ አ ይበቃችኋል ብላናለች።»

«በግዕዝ ግን ልዩነት አላቸው፤ ይኸኛው...»

ዞር ብለው ላሟን አዩ። «እሷስ በየትኛው ነው የምታነባው?»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ሳቁ። የላሟን ዐይን ገልጬ ሳይ ከዐይኗ ቆብ ሥር የገለባ ስባሪ ተጋድሟል። በንጹሕ ውሃ አጥቤ አወጣሁት። «አልሃምዱሊላህ» አሉና እርጎ ሰጡኝ።

ቤቴ ገብቼ ኮዱን ከፈትኩ። መጀመሪያ በችኮላ የራሴን ጽሑፍ ፊደል በሙሉ ለወጥኩት፤ «ሥጋ» «ስጋ» ሆኖ ሳየው ግን የአባቴ ፊት መጣብኝና መለስኩት። ከዚያ ነው መላው የገባኝ። የሚነበበው ጽሑፍ እንዳለ ይቆያል። ፍለጋ ላይ ብቻ የተጠየቀውም የተጻፈውም ቅጂ ይወሰድና ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተቀይረው ይነጻጸራሉ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሁሉንም መዘርዘር ያሰለቻል እንጂ አይከብድም። ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። «ለፍለጋ ብቻ ከሆነ ይሁን» አለኝ።

ሌላም ነገር ጨመርኩ። ስልኩ «አልተገኘም» ያለበትን ቃል ሁሉ እንዲያስቀምጥ አደረግኩ፤ በገበያ ቀን ቆቦ ሲመጡ ባለቤቶቹን አስፈቅጄ አነበዋለሁ። ያኔ ነው የእኔ አማርኛ የቢሮ አማርኛ መሆኑን ያወቅኩት። እኔ «ማነከስ» ብያለሁ፤ እነሱ «ታነክሳለች» ይላሉ። እኔ «መኖ አለመብላት» ብያለሁ፤ እንዲህ የሚናገር አንድም ሰው አልነበረም።

ከጎብዬ የመጣ አንድ ገበሬ ስልክ ላይ «ፍየሏ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፋኛለች» የሚል አገኘሁ።

«ምን አድርገሃት ነው?» አልኩት።

«እኔ ምንም። መኖ ሳቀርብላት ፊቷን ታዞራለች።»

«ትናንት ነው የጻፍከው?»

«ትናንት ነው። ይኸው ይዣት መጥቻለሁ።»

ፍየሏን አስይዤ አፏን ስከፍት ድዷ ላይ እሾህ ተሰክቷል። ነቅዬ ለቀቅኳት። እሱ ከጆንያው ጭብጥ ቅጠል አውጥቶ አቀረበላት፤ ትንሽ አሽትታ መቆርጠም ጀመረች። እዚያው ቆሜ ላፕቶፔን ሞተሬ ላይ ከፈትኩና «መኖ አለመብላት» ከሚለው ገጽ ሥር «አኩርፋኛለች» የሚል ቃል ጨመርኩ።