አንድ ፍሬ ለስምንት ሰው

የታሰርኩት ነጭ ጋዎኔን እንደለበስኩ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ። አሰበ ተፈሪ፣ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ቆሜ ሽሮፕ ስቀዳ ሁለት ፖሊሶች መጡና «ማመልከቻውን የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉኝ። ገበሬዎች መሬታችን ተወሰደ ብለው አቤት ሲሉ የጻፍኩላቸው እውነትም እኔ ነበርኩ። መካድ አልቻልኩም፤ ብልቃጥ ላይ የምለጥፈው ወረቀትና ማመልከቻው የአንድ እጅ ጽሕፈት ናቸው።

የእስር ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ አንድ የቆርቆሮ በር። ላብና ያደረ ጫት ይሸታል። ሰባት ሰዎች ነበሩበት። ማንንም በቅጡ ሳላይ ግን ሲር ሲር የሚል ደረት ሰማሁና አወቅኳቸው። ከገለምሶ በኩል የሚመጡ አዛውንት ናቸው፤ የአስም ደንበኛዬ፣ ማመልከቻው ላይም መጀመሪያ አሻራቸውን ያኖሩት።

«አቦ፣ ዶክተር መጣ!» አሉና ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። አፈርኩ። እዚያ ያስገባቸው የኔ ብዕር ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ «ኤፌድሪን፣ በቀን ሦስት ጊዜ አንዳንድ ፍሬ» ብዬ ስሰጣቸው አንድም ቀን ተሽሏቸው አያውቅም። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ከአዲስ ብልቃጥ ሁሉ ሰጥቻቸዋለሁ። ምክንያቱን ያየሁት በታሰርኩ ማግስት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። አባባ ከሽርጣቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ ፍሬ አወጡ። ቢስሚላሂ ብለው በጥፍራቸው ሰባበሩና ለሁላችንም አደሉን። ለራሳቸው የቀረችውን ዱቄት ላሱ።

«የሐኪም ጫት ናት!» አለ የሚኤሶው የጭነት መኪና ሾፌር ድርሻውን እየዋጠ። «እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፤ ስናወራ ነው የምናድረው።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ መድኃኒት ነው!» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። አንተ ነህ የሰጠኸኝ።»

«ቤትም እንዲህ ነው የሚያደርጉት?»

«ቤትማ ሰው ይበዛል» አሉኝ በሐዘን።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሳቄ ሲያልፍ ግን ፈራሁ። ቋጠሮው ውስጥ የቀረው አሥራ ሁለት ፍሬ ነው፤ ቤተሰብ የሚገባው በገበያ ቀን ብቻ ስለሆነ ገና አራት ቀን ይቀራል። ለእሳቸው ብቻ ከሆነ ልክክ ብሎ ይበቃል። ከተካፈልነው ግን እኔ በጻፍኩት ወረቀት የታሰሩ ሰው አጠገቤ ታፍነው ሊሞቱ ነው።

ይህንኑ ለሁሉም ነገርኳቸው። ደነገጡ፤ ሾፌሩ ዳግመኛ እንደማይቀምስ ማለ። አባባ ግን እምቢ አሉ።

«ሰው እያየኝ ብቻዬን? ሰፉ! ነውር ነው። እኔ እንዲህ አላደግኩም።»

«አንፈልግም አልን እኮ!» አለ ሾፌሩ።

«አፋችሁ አይፈልግም። ዓይናችሁስ?»

ክርክሩ ሳላቸውን አባሰው። ከንፈራቸው ሲጠቁር ሾፌሩ ብድግ አለ። «ዓይን ነው ችግሩ? እሺ፣ ዙሩ!» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ሁላችንም ተከተልነው። ጣሳው ሲነሳ፣ ውሃው በጉሮሯቸው ሲወርድ ሰማሁ። «ጨረስኩ፣ አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ዞርን። ደስታዬ እንባ ሊያመጣብኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በቀን ሦስት ጊዜ ግድግዳ እናያለን። በሦስተኛው ቀን ሲር ሲሩ ቀነሰ፤ አባባ ሾፌሩን በቀልድ ማሸነፍ ጀመሩ። የዚያን ቀን ከሰዓት ዘበኛው በሩን ሲከፍት ሰባት ሰው ግድግዳ ላይ አፍጥጦ አገኘ።

«ምንድን ነው ይሄ? አድማ ነው?»

«አባባ መድኃኒት እየወሰዱ ነው» አልኩት ሳልዞር።

ከዚያ ጫማው መሬቱን ሲፍቅ ሰማሁ። አባባ በኋላ እየሳቁ እንደነገሩን፣ ዘበኛውም ጠመንጃውን እንደያዘ ጀርባውን ሰጥቷቸው ነበር።

በገበያው ቀን ቤተሰባቸው ሌላ ፍሬ አስገባላቸው። ከወራት በኋላ ተፈታን፤ አባባ በእግራቸው ወጡ። ዛሬ አርጅቻለሁ፤ በልጄ መድኃኒት ቤት ውስጥ ግን አሁንም ወንበር አለኝ። የአስም በሽተኛ ሲመጣ በቀን ስንቴ እንደሚወስድ ከነገርኩት በኋላ «ስትወስደው አጠገብህ ማን አለ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛው ይስቃል። አንዳንዱ ግን አንገቱን ደፍቶ «ልጆቹ ካሉ ከፈል አደርግላቸዋለሁ» ይለኛል። ያኔ ወንበሬን ወደ እሱ አስጠግቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳዋለሁ።