ቀዩ ሶፋ

ቅደም ተከተሉን አዛብቼው ይሆናል። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ቤተክርስቲያናችን ለቡ ውስጥ ለድሃ ልጆች ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ስትከፍት፣ የአመልካቾችን ቤት እየዞርኩ የማጣራው እኔ ነበርኩ።

የወይዘሮ አስካለ ቤት ከአንድ በርጩማ በቀር ባዶ ነበር። «በጣም ድሃ» ብዬ ልጃቸውን መዘገብኩ። በሚቀጥሉት ሁለት ቤቶች ግን ቀይ ሶፋ ስላየሁ ልጆቻቸውን ሰረዝኩ። አራተኛው ቤት ስገባም ቀይ ሶፋ ጠበቀኝ፤ መደገፊያው ላይ ያለችው ቅዳድ ሳትቀር ያው ነው።

«እትዬ፣ ይሄን ሶፋ የማውቀው ይመስለኛል።»

«ታዲያ የቤተክርስቲያን እንግዳ መሬት ላይ ላስቀምጥ? ተውሼ ነው! ይልቅ ቁጭ በልና ልጄን ጻፍልኝ።»

ቁጭ ብዬ የሴትዮዋን ልጅ ጻፍኩ፤ የሰረዝኳቸውንም ሁለቱን መለስኩ።

የሶፋው ባለቤት ማን እንደሆነ በኋላ አረጋግጫለሁ፤ ወይዘሮ አስካለ ናቸው።